ከኮፈኑ በታች

አያንቱ ወተት ጭና ከግቢ ስትወጣ አባቷ ጋሽ ሂርጳ ሁልጊዜ አንድ ሥራ ይፈጥራሉ። ወይ የበሩን ማጠፊያ ይነካካሉ፣ ወይ የላሞቹን ገለባ ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። እጃቸው ሥራ ላይ ቢሆንም ጆሯቸው ልጅቷን ተከትሎ ይሄዳል። የብስክሌቷ ካቴና ኮብልስቶኑ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይሰማሉ። የጎረቤታቸው የሬድዋን ግንብ ጋ ስትደርስ ድምፁ ይቀንሳል፤ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ያ ዝምታ ነው የሚከብዳቸው። አያንቱም ይህን ስለምታውቅ አስፋልቱ ጫፍ ስትደርስ ደወሏን ታቃጭልላቸዋለች። ስትመለስም እዚያው ጫፍ ላይ ታቃጭላለች። የመጀመሪያዋን ሳይሰሙ ወደ ቁርስ አይቀርቡም፣ የሁለተኛዋን ሳይሰሙ ደግሞ አረፍ ብለው አይቀመጡም።

ደወሏ የኮርሳ ነበረች። ብስክሌቱም የእሱ ነበር።

ኮርሳ የአያንቱ ታላቅ ወንድም ነው። ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ድሮ እርሻ በነበረው አሁን ግን በግንብና በፎቅ በተከበበው ቦታ፣ ለቤተሰቡ የቀሩት አንድ ግቢና ጥቂት ላሞች ነበሩ። ኮርሳ ወተቱን በሁለት ቢጫ ጀሪካን በብስክሌቱ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ወደ ብስራተ ገብርኤልና ወደ ጎፋ ያደርስ ነበር። ደንበኞቹ በር ሳይንኳኳ በደወሉ ያውቁታል፤ ድስታቸውን ይዘው ይወጣሉ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ከብስራተ ገብርኤል ወረድ ብሎ ባለው መታጠፊያ፣ አንድ ትልቅ መኪና ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ተራ ይጠብቃል። ጎማው ረጅም፣ ፊቱ ላይ የብረት አጥር የተገጠመለት፣ ለበረሃና ለጭቃ የተሠራ፣ ግን ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ መኪና ነው። ኮርሳ ከመኪናው ፊት ቆሞ፣ አንድ እግሩን መሬት አስደግፎ፣ የላላ የጀሪካን ገመድ ሊያጠብቅ ጎንበስ አለ። ሹፌሩ በግራ በኩል የሚመጡትን መኪኖች ሲያይ ቆይቶ ክፍተት አገኘና ተንቀሳቀሰ።

መኪናው አልሮጠም። ጋሽ ሂርጳ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚገድለው የሚሮጥ መኪና ብቻ ይመስላቸው ነበር። ልጃቸውን የገደለው ግን ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሹፌሩ እያለቀሰ የተናገረው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «አላየሁትም» አለ። ጋሽ ሂርጳ ከወንበራቸው ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃል ጉሮሯቸው ላይ እንደተቀረቀረች ቀረች። ትከሻው እንደ በር የሰፋ ልጅ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን የጫነ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፍንጫው ሥር ቆሞ እንዴት አይታየውም? ስልክ እየነካካ ነበር፤ አለዚያም ንቆት ነው። ለለቀስተኛው ሁሉ ይህንኑ አሉ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ሲመጡም ወጉ አይፈቅድምና እምቢ አላሉም፤ የሰውየውን እጅ ጨበጡ፤ አብረው እህል ቀመሱ። ያቺን ቃል ግን አልተቀበሏትም። ውሸታም ነው ብለው በሆዳቸው ያዙት። እንዲያ ማሰቡ ትንሽ ያሳርፋቸው ነበር። ሰው ውሸታም ከሆነ፣ ሌላው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። አንዱ ባያይ ሌላው ያያል።

ብስክሌቱ መሪው ብቻ ጠምሞ ነበር የተመለሰው። ጋሽ ሂርጳ ገለባ ቤት ከተቱት፤ ዝገት ይብላው ብለው። አያንቱ ግን ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን አወጣችው። መሪውን አስቀንታ፣ ካቴናውን ዘይት አጠጥታ በሩ ላይ አቆመችው።

«መልሺው» አሏት።

«አባ፣ ላሞቹ ሐዘን አያውቁም» አለች። «ጠዋት ጠዋት ይታለባሉ። ወተቱን ማን ያድርሰው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ እንዲሰረቅ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለት እስከ መሳል ደረሱ። ሌባውም አልመጣ፣ ስለቱም አልሰመረ። መንገድ ላይ ሲሄዱ ደግሞ አዲስ ልማድ አወጡ። የቆመ ትልቅ መኪና ሲያገኙ ማንም እንዳያያቸው ዞር ዞር ብለው ኮፈኑን ከገላቸው ጋር ይለኩታል። ይሄ እምብርቴ ድረስ ነው፤ ይሄ ደረቴ ድረስ ነው፤ ይላሉ ለራሳቸው። ከዚያ አያንቱን ብስክሌት ላይ ጎንበስ ብላ ያስቧታል።

ሐሙስ ማምሻውን ሬድዋን ከባለቤቱ ከሲሃም ጋር መጣ።

ሬድዋን ፊት ለፊታቸው ያለው ግቢ ባለቤት ነው። ከስልጤ መጥቶ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የከፈተ፣ ልጆቹን እዚሁ የወለደ ጎረቤት ነው። ኮርሳ የሞተ ዕለት ሱቁን ዘግቶ፣ በትንሿ መኪናው ዘመድ ሲያመላልስ ውሎ፣ አስከሬኑንም ከፊት ሆኖ ተሸክሟል። ስለዚህ ጋሽ ሂርጳ እሱ ሲመጣ ሁልጊዜ ተነሥተው ነው የሚቀበሉት።

ሬድዋን ወሬውን ከሩቅ ጀመረ፤ ስለ ሲሚንቶ መወደድ፣ ስለ ተቆፋፈረው መንገድ አወራ። ሲሃም በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«ጋሽ ሂርጳ፣ መኪና ገዝቻለሁ» አለ። «እሁድ ይመርቁልኛል ብዬ ነው።»

«ጎሽ። ምን ዓይነት ነው?»

ሬድዋን ወደ መሬት አየ። «ትልቅ ነው» አለ።

ከዚያ ሳይጠየቅ ምክንያቱን ዘረገፈው። በትንሽ መኪና ሲሄዱ ማንም አይቆጥራቸውም። ሲኖትራኩ ከኋላ እንደ ግንብ ይመጣል፤ አውቶቡሱ ከጎን ይገፋል። ሲሃም ትምህርት ቤት እስኪደርሱ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትሄደው። «ኮርሳ ከሞተ ወዲህ ልጆቼን በዚያች ቆርቆሮ መያዝ ፈራሁ» አለ። «ከልቤ ነው የምነግርዎት።»

ጋሽ ሂርጳ ሰውየውን አዩት። ቅንነቱ ፊቱ ላይ ይነበባል። የልጃቸው ሞት እዚህ ጎረቤት ገብቶ፣ የገደለውን የሚመስል ሌላ መኪና አስገዝቷል። ይህን በምን ቃል እንደሚናገሩት አላወቁም። «እግዜር ይርዳን» ብቻ አሉ፤ ሬድዋንም እሺ ማለታቸው መሰለውና እጃቸውን ስሞ ወጣ።

በዚያ ሰፈር የቆየ ወግ አለ። ሞተርም ይሁን ባጃጅ፣ ጋሪም ይሁን መኪና፣ ጎማ ያለው አዲስ ነገር ወደ መንደሩ ሲገባ ሳይመረቅ አይነዳም። የሰፈሩ ትልቅ ሰው በርጩማ አስመጥቶ ከፊቱ ይቀመጣል፤ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ይመርቃል፤ ሕዝቡ አሜን ይላል። ምርቃቱ ሲያልቅ እንደ ከብት ግንባሩን ቅቤ ይቀባዋል። ከዚያ ሽማግሌው ዞር ይላል፤ ረጅሙ አሜን ይባላል፤ መኪናው የተነጠፈውን ሣር ረግጦ ይወጣል። ትልቁ ሰው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጋሽ ሂርጳ ናቸው። ያልመረቁት የሚንቀሳቀስ ነገር በመንደሩ የለም።

መጨረሻ የመረቁት የኮርሳን ብስክሌት ነበር።

ይህን የሚያውቁት እሳቸውና ሚስታቸው ገበያነሽ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ረስቶታል። ገበያነሽም የባሏ ጭንቀት የገባት ሬድዋን እሁድ ይመርቁልኛል ሲል ያኔውኑ ነው።

«አፌ ደርቋል» አሏት። «የእኔ ምርቃት ምን አደረገለት? ወጥተህ ግባ አልኩት። ገባ?»

«ምርቃትህ አይደለም የገደለው።»

«ታዲያ ይሄኛውን ባልመርቅስ?»

«ያልተመረቀ መኪና ይዞ በልጅህ መንገድ ይመላለስ ነው የምትለኝ?» አለች ገበያነሽ። «ሰውየው አስከሬን ተሸክሞልሃል። አንተ ሣር መያዝ ያቅትሃል?»

ጋሽ ሂርጳ በዚህም በዚያም ተያዙ። ባይመርቁ እርግማን ይሆናል፤ የሆነ ቀን መኪናው ሰው ቢነካ በእሳቸው ነው። ቢመርቁም ደግሞ ምርቃታቸው ምን ያህል እንደሚይዝ አይተውታል። ሁለቱም ሐሳብ ዞሮ ዞሮ አያንቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሬድዋን ከቤቱ የሚወጣው እሷ ወተት ጭና በምትወጣበት ሰዓት ነው። መንገዱም ያው አንድ ነው።

አርብ ቀን መኪናው ገባ። መንገዱን ግጥም አድርጎ ሞላው፤ መንገደኛው ለማሳለፍ በየሰው በር ውስጥ ተሸጎጠ። አያንቱ ብስክሌቷን ተደግፋ አየችው።

«አባ፣ ይሄማ ቤት ነው» አለች። «ካርታ አለው?»

ገበያነሽ ሳቀች። ጋሽ ሂርጳ አልሳቁም። ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ ቀስ ብለው ሄደው ከፊቱ ቆሙ፤ ለኩት። ከወገባቸው አልፎ፣ ከደረታቸው አልፎ፣ ኮፈኑ አገጫቸው ሥር ደረሰ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ አላጋጠማቸውም። እጃቸውን ብረቱ ላይ ሊያሳርፉ ብለው መለሱት።

ቅዳሜ ለአያንቱ በእግር ሂጂ ብለው ለመኑ። በእግር ከሄደች ጎፋ ስትደርስ ወተቱ እርጎ እንደሚሆን ነገረቻቸው። ከሰኞ ጀምሮ በታክሲ ይሁን አሉ፤ ጀሪካን ይዛ የሚጭናት ታክሲ የለም። በመጨረሻ ልክ እንደ እናቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እኔ አያለሁ አባ። ሁሉንም መኪና አያለሁ» አለቻቸው። የእሷ ማየት አልነበረም ያስጨነቃቸው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ። መኪናው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ቆሟል። ሲሃም መስታወቱ ላይ ቀይ ሪባን አስራበታለች፤ ልጆቹ ኋላ ወንበር ላይ ይዘላሉ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሕዝቡ በመኪናው ጎንና ኋላ ተደርድሯል፤ እልል የሚሉት ሴቶች ሬድዋን በር ጋ ናቸው። ከፊት ጋሽ ሂርጳ ብቻ በበርጩማ ተቀምጠዋል። ጓደኛቸው ጋሽ በንቲ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ድምፃቸው ግን የጎላ ሰው፣ በሹፌሩ መስኮት በኩል ቆመው አሜን ያስብላሉ። ለሹፌሩ የድርሻውን ሣር የሚያቀብሉት፣ ንዳ ብለው የሚያሰናብቱትም እሳቸው ናቸው።

አያንቱ አልተመለሰችም። እሁድ ደንበኛ ስለሚበዛ ትቆያለች፤ ግን እንዲህ ቆይታ አታውቅም። ጋሽ ሂርጳ ሣሩን በእጃቸው ይዘው ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ተቀመጡ። ጆሯቸው ግን ከኋላቸው ነው።

«መንገድህ ይቅና» አሉ።

«አሜን!»

«ወጥተህ ግባ።»

«አሜን!»

ይህችን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ሰለለ። ከኋላ አስፋልቱ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሰሙ፤ ረጅም ጥሩምባ። ከዚያ የፍሬን ድምፅ የመሰላቸው ነገር ተከተለ። ደወል የለም።

«የጫንከውን በሰላም አድርስ» አሉ።

«አሜን!»

«ከፊትህ ያለውን…»

ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቃል ያውቁታል፤ ስንት ጊዜ ብለውታል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ግን ያለው የብስራተ ገብርኤሉ መታጠፊያ ነው፤ ጎንበስ ያለ ልጅ ነው፤ ያልሰሙት ደወል ነው። የት እንደደረሱ ጠፋባቸው። ምርቃቱን የጨረሱ መሰላቸውና ከበርጩማቸው ተነሥተው ቅቤውን ይዘው ወደ መኪናው ቀረቡ። ግንባሩን ሊቀቡ እጃቸውን ሰነዘሩ፤ ኮፈኑ ከፍ ብሎ አልመቻቸው አለ። ላም ቢሆን ራሱን ዝቅ ያደርግላቸው ነበር። እሳቸው ዝቅ አሉ። ጎንበስ ብለው ከታች ያለውን ፓራውልት፣ የመከላከያውን ብረት፣ ይቀቡ ጀመር።

ጋሽ በንቲ ዝምታው ሲረዝም አንገታቸውን አስግገው ወደፊት አዩ። ከኮፈኑ በላይ ሂርጳ የሉም። ቀብተው ዞር ያሉ መሰላቸው፤ ሌላ ምን ይመስላቸዋል? ሣሩን ለሬድዋን አቀበሉ። «አሜን በሉ!» አሉና እጃቸውን አወናጨፉ። «ንዳ!»

ረጅሙ አሜን ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

ጋሽ ሂርጳ መጀመሪያ የተሰማቸው የብረቱ መንቀጥቀጥ ነው፤ ቅቤ የያዘ ጣታቸው ሥር ብረቱ እንደሚያጉረመርም ከብት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻቸውን ገፋቸው። ኃይለኛ አልነበረም፤ ሰው በታክሲ ሰልፍ እንደሚገፋው ያህል ነው። ወደ ኋላ ሄዱ፤ በርጩማው እግራቸውን ጠለፈውና ሣሩ ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። በግንቡ ጥግ የቆሙ ሁለት ሴቶች አይተው ጮኹ፤ ጩኸታቸው እልልታው ውስጥ ገባና እልልታ ሆኖ ቀረ። ሬድዋን መስታወቱን ዘግቶ፣ ሣሩን ከመሪው ጋር ይዞ፣ ፈገግ ብሎ አስፋልቱን እያየ ይነዳል። ይህን ጋሽ ሂርጳ አላዩም። እሳቸው ያዩት የጎማውን ጥርስና በላዩ የተጣበቀውን ሣር ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል። ኮርሳም ያየው ይህን ነው፤ አሉ በልባቸው።

ያኔ ደወሉን ሰሙት። በጣም ቅርብ ነበር፤ ያለማቋረጥ ይጮኻል።

አያንቱ ከአስፋልቱ ታጥፋ ስትገባ አባቷ ከመኪናው ፊት ጎንበስ ሲሉ አይታለች። ደወሉን እየደወለች ፔዳሉን ረገጠች፤ ደርሳ ከላዩ ዘለለች፤ ብስክሌቱን ጎማው ሥር ወረወረችው። ባዶዎቹ ጀሪካኖች ፈነዱ። ብረት ተሰባበረ። መኪናው አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ቆመ። በዚያች ቅጽበት አያንቱ አባቷን በኮታቸው ኮሌታ ይዛ ግንቡ ሥር ጎትታቸው ነበር።

እልልታው ቀስ በቀስ ነው የቆመው፤ ከፊት ወደ ኋላ። ሬድዋን ወረደ። ብስክሌቱን አየ፤ ቀጥሎ ጋሽ ሂርጳን አየ፤ ፊቱ አመድ ሆነ።

«አላየሁዎትም» አለ። «ጋሽ ሂርጳ፣ ወላሂ አላየሁዎትም።»

አያንቱ አባቷን እንደያዘች ወደ ሬድዋን ዞረች። ጋሽ ሂርጳ ትከሻቸውን ጠረጉ። ተነሡ። ሰው ውኃ ያምጣ፣ ይቀመጡ፣ ሐኪም ይይዎት ሲላቸው በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ ሹፌሩ በር ሄዱ።

«ወንበሩ ላይ አውጡኝ» አሉ።

«ምን ሊያደርግልህ?» አሉ ጋሽ በንቲ፤ ድምፃቸው ጠፍቷል።

«አውጡኝ።»

ሬድዋንና ሌላ ሰው ደግፈው አወጧቸው። ወንበሩ ለስላሳ ነበር፤ ገላን ይውጣል። ጋሽ ሂርጳ በሕይወታቸው መኪና ይዘው አያውቁም። መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊት ለፊት አዩ። ሰማይ አዩ። የመንደሩን ቆርቆሮ ጣራዎች፣ ከሩቅ አስፋልቱን፣ የሚያልፈውን የታክሲ ጣራ አዩ። ከጎን የጋሽ በንቲን ባርኔጣ ጫፍ አዩ። ሁሉም ነገር ሩቅና ጸጥ ያለ ነበር። ከፊታቸው የተንጣለለው የኮፈኑ ነጭ ብረት ብቻ ነው።

አያንቱ የብስክሌቷን ስባሪ ልታነሣ ወደ መኪናው ፊት መጣች። ፊቷን አዩ፤ ትከሻዋን አዩ። ከዚያ ጎንበስ አለች። ጠፋች።

ጋሽ ሂርጳ ተንጠራሩ። ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ። ልጃቸው እዚያ ነበረች፤ ጀሪካኑን ስትጎትት ድምፁ ይሰማቸዋል። ያዩት ግን ብረትና ሰማይ ነው። ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የጠፋችው ግን ከዓይናቸው ድካም አልነበረም።

«እውነቱን ነው» አሉ።

ሬድዋን ስለ እሱ የተናገሩ መሰለው፤ ማልቀስ ጀመረ። ገበያነሽ ብቻ ነበረች ያወቀችው። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኮርሳን የገጨው ሹፌር፣ ትራፊክ ፖሊስ ጋ እያለቀሰ የተናገረው ሰው፣ አልዋሸም ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ የያዙት ቂም በዚያ ለስላሳ ወንበር ላይ ከእጃቸው ወጣ፤ ሲወጣ ግን አላሳረፋቸውም። ውሸታም አንድ ሰው ነው። የማያየው ግን ማንም ሊሆን ይችላል። ሬድዋን ሊሆን ይችላል፤ ሲሃም ልትሆን ትችላለች፤ እሳቸው ራሳቸው አሁን እዚህ ተቀምጠው፣ የገዛ ልጃቸውን ስም እየጠሩ፣ ቢነዱ ይገድሏት ነበር።

ሬድዋን ነገ ወስጄ እሸጠዋለሁ፤ ዳግም ዓይኔ አያየውም አለ። ጋሽ ሂርጳ ወርደው መሬት ላይ ከቆሙ በኋላ ነው የመለሱለት።

«ብትሸጠው ሌላ ሰው ይገዛዋል» አሉ። «እሱ እዚህ ሰፈር ማን እንዳለ አያውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ሰኞና ማክሰኞ አያንቱ ወተቱን በእግሯ ወሰደች፤ የቀረውን እናቷ እርጎ አደረገችው። ሬድዋን የብስክሌቱን ጎማ፣ ቸርኬውንና ጀሪካኖቹን በአዲስ ቀይሮ፣ የመኪናውን የብረት አጥር ደግሞ ብየዳ ቤት ወስዶ አስነቅሎ መጣ። ኮፈኑ ግን ያው ነው፤ ብየዳ ኮፈን ዝቅ አያደርግም። ብስክሌቱ እንዲሰረቅ ስለት የተሳሉት ጋሽ ሂርጳ፣ ሲጠገን አልተቃወሙም። ገለባ ቤት ገብተው ረጅም ቀጭን ሸምበቆ መርጠው አወጡና ከብስክሌቱ ኋላ መቀመጫ ጋር በሽቦ ማሰር ጀመሩ። ሬድዋን ምን እንደሚያደርጉ ሲያይ ወደ መኪናው ሄዶ ቀዩን ሪባን ፈታ፤ አምጥቶ ከሸምበቆው ጫፍ ላይ ራሱ ቋጠረው። ጋሽ ሂርጳ ብስክሌቱን መኪናው ፊት አስቁመው፣ ተደግፈው የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሪባኑ ይታያል። አልወርድም ብለው ብዙ ቆዩ።

«ሰልፍ የምወጣ መሰልኩ እኮ» አለች አያንቱ። «ደንበኞቼ የምርጫ ቅስቀሳ ነው ብለው በር ይዘጉብኛል።»

«ይዝጉ» አሉ።

ረቡዕ ጠዋት እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኟት። ሲያልፉ ሬድዋን ልጆቹን ጭኖ ሊወጣ ነበር። አያቸውና ሞተሩን አጠፋ፤ ወረደ፤ በመኪናው ፊት ዞሮ መሬቱን አየ፤ ሰላም አላቸውና ተመልሶ ወጣ። አያንቱ ሳቋን ዋጠች። ጋሽ ሂርጳ በጭንቅላታቸው ሰላምታ መለሱ። አንድ ሰው ነው፤ አሉ በልባቸው። አስፋልቱ ላይ ያለው ግን ወንዝ ነው።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ አያንቱ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፤ ግን አልሄደችም።

«አባ፣ እሁድ ያልጨረስከው ነገር አለ» አለች። «ለእኔ ጨርስልኝ።»

ከመንገዱ ዳር ሣር ቆረጡ። አፋቸው አሁንም ደረቅ ነበር። ወጥተሽ ግቢ ሊሉ አሰቡና ተዉት፤ ያችን ቃል እንደገና አፋቸው ውስጥ ማስገባት ፈሩ።

«የሚያይሽ ይብዛ» አሏት።

«አሜን» አለች አያንቱ ለብቻዋ።

ደወሏን ደውላ አስፋልቱ ላይ ገባች። ጋሽ ሂርጳ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ተከተሏት። ጀርባዋ ወዲያው በመኪኖቹ መሀል ጠፋ፤ ቀይዋ ሪባን ግን ከጣራዎቹ በላይ እየተወዛወዘች ታየች። አንድ ታክሲ አለፋት። ሚኒባሱ አለፋት። ከዚያ አንድ ረጅም ጥቁር መኪና ከጎን መጥቶ በእሷና በአባቷ መካከል ገባ፤ ሪባኗም ጠፋች።

ጋሽ ሂርጳ ሣሩን በእጃቸው ጨበጡት። ጥቁሩ መኪና ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። ጠበቁ። ከወዲያ በኩል፣ ራቅ ብላ፣ ሪባኗ ብቅ አለች። ወደ ቤት ሊመለሱ አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ከጥቁሩ ኋላ ሌላ ረጅም መኪና እየመጣ ነበር፤ እግራቸውን መለሱና ቆሙ።